የቀን እንቅልፍ ራስ ያሳምማልን?

በከተማችን በጅጅጋ ከዙህር ሶላትና ከምሳ በኋላ መንገዱ ጭር ይላል። ባለሱቆች መዝጊያቸውን ገርበብ አድርገው ይጋደማሉ፤ ባጃጆች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፤ እስከ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ድረስ በአስፋልቱ ላይ ከፍየልና ንፋስ ከሚያንከባልለው ፌስታል በቀር ብዙም የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም። ወደ ሽንሌ፣ ወደ ኤረርና ወደ አይሻ ዝቅ ሲባል ደግሞ ሙቀቱ ስለሚበረታ የቀን እንቅልፍ የአኗኗር ሥርዓት ነው እንጂ ስንፍና ተብሎ አይቆጠርም። በሙስሊሞች ዘንድም የቀትር ዕረፍት «ቀይሉላ» የሚባል የራሱ ስም አለው።

እኛም ዕጩ መምህራን ከዚሁ አልወጣንም። ሌሊት እናጠናለን፣ ቀን እንተኛለን። ታዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፊታችን አባብጦ ስንነሣ ከሁላችንም አፍ የሚወጣው አንድ ነው፤ «ኧረ ራሴን!» ከዚያ አንዱ ቀበል ያደርግና «ድሮስ የቀን እንቅልፍ ደግ አይደለም» ይላል። ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። እኛም እስካለፈው ጥር ወር ድረስ ይህን አባባል አምነን ቆይተናል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን ራሳችንን የሚያሳምመው እንቅልፉ ሳይሆን አተኛኘታችን መሆኑን፣ ከአተኛኘታችንም አንዱ ሊገድለን ደርሶ የነበረ መሆኑን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች የምንኖረው ከግቢ ውጭ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ የጅጅጋ ንፋስም አቧራውን እያነሣ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በከሰል ምድጃ ምሳችንን ሠራን፤ ቡና አፈላን፤ ዕጣን ጣል አደረግንበት። አቧራው ስላስቸገረን በሩንም መስኮቱንም ዘጋን። ምድጃውን ወደ ውጭ እናውጣው ወይ ብሎ የጠየቀ አልጠፋም፤ ነገር ግን «ጭሱ አልቆ የለም እንዴ? ፍም ብቻ ነው» ተባለና ጥግ ላይ ተተወ። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ተጋደምን።

አሥር ሰዓት ላይ የቤታችን ባለቤት፣ እንደ አገሩ ልማድ «ኤዶ» እያልን የምንጠራቸው እናት፣ ያበደሩንን ጀሪካን ለመውሰድ መጡ። በር ሲያንኳኩ ከመካከላችን አንዱ ሰምቷል፤ ሊነሣ ሲል ግን እግሩ አልታዘዝ አለው። ሌሎቻችን ጨርሶ አልሰማንም። ኤዶ ዝም ማለታችን ገርሟቸው በሩን ገፋ ሲያደርጉ ሙቀቱ ፊታቸውን መታቸው፤ ምድጃውንም አዩት።

«ከሰል ታቅፋችሁ ነው የተኛችሁት? ውጡ! ውጡ ልጆቼ!» እያሉ በእጃቸው ጎትተው አወጡን። አንደኛችን ደፉ ላይ ወድቆ አስመለሰው። የሁላችንም ጭንቅላት በመዶሻ እንደሚመታ ነበር። ጎረቤት ወተት ይዞ መጣ፤ ሌላው ሎሚ አሸተተን። ኤዶ ግን ባጃጅ አስጠርተው ወደ ሕክምና ላኩን።

እዚያ የተቀበለችን ነርስ መጀመሪያ ሙቀታችንን ለካች። ትኩሳት የለም። ቀጥላ፣ «ሦስታችሁንም ባንድ ጊዜ ነው የጀመራችሁ?» አለችን። «አዎ ሲስተር።» «ውጭ ስትወጡስ ቀለል አላችሁ?» «ትንሽ።» «እንግዲያው ከሰል ነው» አለችና ኦክስጅን አደረገችልን። ወተቱ ጉዳት ባይኖረውም መድኃኒት አለመሆኑን የነገረችንም እሷ ናት። እኛን ያስደነገጠን ደግሞ ሌላው ጥያቄዋ ነበር። «ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ?» ስትል ተያየን። ለካ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቅዳሜዎችም ራሳችንን አሞን፣ ሆዳችን እየተገለበጠ ነበር የተነሣነው። ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱን በእንቅልፉ ላይ ጥለን ነበር።

ለመሆኑ ከሰል ምን ያደርጋል? ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፣ ዓይንም አያቃጥልም። በሳንባችን በኩል ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሔሞግሎቢንን ይይዘዋል፤ የሚይዘውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ ደማችን እንደ ወትሮው ይዘዋወራል፤ ነገር ግን ቦታው ስለተያዘበት ለአንጎልና ለልብ የሚያደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። ባጃጁ እየሄደ ነው፤ ወንበሩ ግን በማይወርድ ሰው ተይዟል እንደ ማለት ነው። ይህን አሠራር በ1857 እ.ኤ.አ. የገለጸው ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ ቤርናር ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ሃልዴን ደግሞ በ1890ዎቹ ጋዙን በገዛ ራሱ ላይ ሞክሮ ምልክቶቹን መዝግቧል፤ የእንግሊዝ የማዕድን ሠራተኞች ወደ ጉድጓድ ሲወርዱ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በጎጆ ይዘው ይገቡ የነበረውም ከእሱ ምክር በኋላ ነው። ወፏ ስትወድቅ እነሱ ይወጣሉ። ይህ ልማድ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆይቷል። እኛ ወፍ አልነበረንም፤ ጀሪካን ፈላጊ ኤዶ ነበሩን።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንለምነው፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነጥብ አለ። «ጭሱ ካለቀ ችግር የለም» የሚባለው ፍጹም ስሕተት ነው። ጭሱ የሚያስለን፣ የሚያስለቅሰን፣ ስለዚህም የሚያስጠነቅቀን ነው። ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ሲሆን ነው ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ ጋዙ የሚቀረው። ፍሙን ዐመድ ማልበስም ሆነ አጠገቡ ውኃ በሳሕን ማስቀመጥ ጋዙን አያጠፋውም። «ጋዙ ወደ ታች ስለሚወርድ አልጋ ላይ የተኛ አይነካውም» የሚሉም አሉ፤ ይህም ልክ አይደለም፤ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ ይሞላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የተኛ ሰው የራስ ምታቱ ሲጀምረው ነቅቶ የሚወጣ አለመሆኑ ነው። እንቅልፉ ወደ ሰመመን፣ ሰመመኑም ወደ ሞት ይሻገራል።

የአካባቢያችን ቤቶች በኡንሲ መታጠን ይወዳሉ፤ እኛም እንወደዋለን። ይሁን እንጂ በዳብቃዱ ውስጥ ያለውም ያው ፍም ነው። በሩ ተከፍቶ ቤቱ ይታጠን፤ ሰው ከመጋደሙ በፊት ግን ዳብቃዱም ምድጃውም ከደጅ ይውጡ። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ወራት ለሙቀት ብሎ ከሰል አስገብቶ መተኛት እንደ ቀላል ነገር ስለሚታይ ነው ይህን ያህል ያተኮርንበት። ምልክቱን ባጭሩ ለማስታወስ ያህል፦ ትኩሳት የሌለው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት፣ በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎችን በአንድነት የሚይዝ፣ ውጭ ሲወጣም ቀለል የሚል። ያን ጊዜ በር ከፍቶ መውጣት፣ የወደቀውንም ማውጣት፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በተራ አየር ጋዙ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አራት አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ ብቻ ነው።

ከሰሉን ካወጣን በኋላስ ራስ ምታቱ ጠፋ? እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ማቅለሽለሹ ቀረ፤ ያ የለመድነው የጭንቅላት መክበድ ግን አንዳንድ ቀን ይመለስ ነበር። ስለዚህ ሌሎቹን ምክንያቶች ወደ መፈለግ ገባን።

አንደኛው የእንቅልፉ ርዝመት ሆኖ አገኘነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሴሪንስኪ የተባለ ተማሪና መምህሩ ክሌይትማን የተኙ ሰዎችን ዓይን ሲከታተሉ፣ እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑን የሚያሳይ ግኝት አወጡ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ጥናቶች እንደታወቀው እንቅልፍ ከቀላል ወደ ጥልቅ፣ ከጥልቅም ወደ ሕልም እየተዘዋወረ 90 ደቂቃ ያህል በሚፈጅ ዙር ይጓዛል። ሰው በተጋደመ በግማሽ ሰዓት ገደማ ጥልቁ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሳለ ከተቀሰቀሰ አካሉ ይነሣል እንጂ አንጎሉ ለ15 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል ገና እንደተኛ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ ሌላ የሚመልሰው፣ ጫማውን ግራና ቀኝ የሚያቀያይረው፣ «ጭንቅላቴ ድንጋይ ሆነ» የሚለው ይኸው ሰው ነው።

ስለዚህ የቀን እንቅልፍ ሁለት ልክ ብቻ ቢኖረው ይመረጣል፤ ወይ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ወይ ሙሉውን 90 ደቂቃ። የመሀሉ ነው የሚጎዳው። እኛ ስልካችንን በ25 ደቂቃ እንሞላዋለን፤ አምስቱ ለመተኛት፣ ሃያው ለእንቅልፍ። በነገራችን ላይ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ የሚመጣው ድካም የምሳ ብቻ አይደለም። ምሳ ያልበላም ሰው ይደክመዋል፤ የሰውነታችን የራሱ ሰዓት በዚያን ጊዜ ዝቅ ስለሚል ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ የሚተኙት ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ይሰርቃል፤ ሌሊት ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ቀን ይተኛል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ቀንና ሌሊቱን ያማታል።

ሁለተኛው ምክንያት ሻይ ነው። አዎ ሻይ! ጅጅጋ ላይ ወተት፣ ስኳርና ሄል ያለበት ሻይ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የማይጠጣ ማን አለ? በሻይና በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አንጎላችን ላይ የድካምን መልእክት የሚያግድ ነገር ነው። በየቀኑ የለመደው ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ይይዘዋል፤ ለቀናትም ሊቆይ ይችላል። የጠዋት ሻዩን ትቶ እስከ ቀትር የተኛ ሰው ሲነሣ ራሱን ቢያመው እንግዲህ ከእንቅልፉ ምን ጠብ አለው? በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ከቀትር በኋላ ብዙ ሰው ራሱን ይዞ የሚታየውም ከጥሙ ሌላ በዚሁ ምክንያት ነው። ከወሩ በፊት ባለው ሳምንት ሻዩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ መሄድና በሱሁር ሰዓት ትንሽ መጠጣት ይረዳል። ለአጭር እንቅልፍ ደግሞ አንዲት ብልኃት አለች፤ ሻይዋን ጠጥቶ ወዲያው መጋደም። ካፌይኑ ሥራውን በደንብ የሚጀምረው ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ ስለሆነ ልክ በምንነሣበት ሰዓት ይደርስልናል። ሞክረነዋል፤ ይሠራል። ማታ የተጠጣ ግን ሌላ ነው፤ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ እኩለ ሌሊት ላይ ጣራ ያስቆጥራል።

ስለ ጫት አለማንሣት ራስን ማታለል ይሆናል። ፈተና ሲደርስ ከኛ መካከል «ለጥናት» እያለ የሚቅም ብዙ ነው። ከጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ይህ ንጥረ ነገር ቶሎ ስለሚከስም ነው የአወዳይ ጫት ጫኝ መኪኖች በካራማራ ቁልቁለት እንደዚያ የሚከንፉት። ቃሚው በምርቃና ሌሊቱን ያነጋል፤ ምግብና ውኃ ይረሳል፤ ጎሕ ሲቀድ ይተኛና ቀትር ላይ አፉ ደርቆ፣ ራሱ ከብዶ፣ አንዳንዴም ዱካክ ሲያስጨንቀው አድሮ ይነሣል። ከዚያ ሐራራውን ለማስታገስ እንደገና ወደ በርጫው ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሰው የቀን እንቅልፉን ለማሻሻል ትራስ ቢቀይር ምን ዋጋ አለው?

ውኃንም በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከመተኛት በፊት አንድ ብርጭቆ፣ ሲነሡ አንድ ብርጭቆ። ሽንት ከወትሮው የጠቆረ ከሆነ ራስ ምታቱ የጥም ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰውነታችን እንቅልፍ የሚይዘው የውስጥ ሙቀቱ ጥቂት ዝቅ ሲል ነው። የቆርቆሮ ክዳን ያለው ክፍል በቀትር ምጣድ ነው፤ እዚያ ውስጥ የተኛ ሰው አላበው፣ ጥም ይዞት ይነሣል። አርብቶ አደሩ ከተጎነበሱ እንጨቶችና ከተፈተለ ምንጣፍ የሚሠራው አቃል አየር ስለሚያሳልፍ በዚህ ረገድ ከኛ ቆርቆሮ ይሻላል። በሽንሌና በኤረር ሰዎች ቀትር ላይ ሰሌን ይዘው ወደ ዛፍ ጥላ የሚወጡት አውቀው ነው። ዝንብን ሽሽት ጋቢ እስከ ራስ ተከናንቦ መተኛትም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን የተነፈስነውን አየር መልሰን እየተነፈስን ነውና ዓይንን ብቻ በሽርጥ ወይም በነጠላ ጫፍ መሸፈን ይበልጣል። ዴስክ ላይ አንገትን አጣምሞ መተኛት የሚያመጣውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

የሌሊት ዘበኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ የሌሊት ተረኛ ነርሶች፣ ከቶጎ ውጫሌ ዕቃ ጭነው የሚያድሩ ሹፌሮች ጉዳይ ከኛ የተለየ ነው። እነሱ ቀን የሚተኙት ለዕረፍት ሳይሆን ሌሊቱን ለመተካት ነውና ሃያ ደቂቃ አይበቃቸውም። ከላይ የጠቀስነው ክሌይትማን በ1938 እ.ኤ.አ. ከረዳቱ ጋር አሜሪካ ውስጥ በአንድ ጨለማ ዋሻ 32 ቀን ተቀምጦ የ28 ሰዓት «ቀን» ለመኖር ሞክሮ ነበር። ወጣቱ ረዳት ሰውነቱ ለመደ፤ የክሌይትማን ግን አሻፈረኝ አለ። የሰውነት ሰዓት በትእዛዝ ብቻ አይዞርም፤ ብርሃንና ጨለማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የግቢያችን ዘበኛ ቀን ሲተኙ መስኮታቸውን በጥቁር ጨርቅ መጋረዳቸው ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው እኛ በራቸው ሥር ኳስ መጫወታችን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ እናክል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ከሆነ ወባ ሊሆን ይችላል፤ አንገት ከደረቀ፣ ብርሃን ካስጠላ ወይም ሕመሙ በድንገት የመጣና ከዚህ ቀደም ታይቶ የማያውቅ ዓይነት ከሆነ ማጅራት ገትርም ሌላም ክፉ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው እንጂ ተኝቶ መጠበቅ አይገባም። ፓራሲታሞልን እንደ ከረሜላ በየቀኑ መዋጥም ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ ሕመም ሆኖበታል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለምን በዚህ ግድግዳ ላይ እንደለጠፍነው የሚጠይቅ ይኖራል። ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት የከሰዓት ፈረቃ ነበር የደረሰን። ከሦስተኛ ክፍል አንዲት ልጅ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዴስኩ ላይ ትተኛለች፤ ስንቀሰቅሳት «ራሴን ያመኛል» ትላለች። እኛም ሰነፍ ብለን መዝግበናት ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብለን ብንጠይቃት፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ እንደምትቀዳ፣ ምሳም ሳትበላ እንደምትመጣ ነገረችን። ያው የስምንት ሰዓቱ ድካም፣ ያው የቆርቆሮ ክዳን፣ ያው ጥም ነው። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች መሀል አሥር ደቂቃ ራሷን ዴስክ ላይ እንድታሳርፍ ፈቀድንላት፤ በበሩ አጠገብ፣ ንፋስ በሚገባበት በኩል አስቀመጥናት፤ ከጀሪካኑም ውኃ ጠጥታ ትገባ ጀመር። ሒሳብ የምንሰጠው በስተመጨረሻ ነበር፤ እሱንም ወደ አሥር ሰዓት ገፋነው። ልጅቷ በወሩ መጨረሻ እጇን ማውጣት ጀምራ ነበር።